ተራው የማን ነው?

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ከንብረት ክፍል አንዲት ሠራተኛ ቅጽ ይዛ ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን መጣች። ወንበር ቆጠረች፣ ጠረጴዛ ቆጠረች፣ ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ሞኒተሮች ሳይቀር አንድ በአንድ እየዳሰሰች ቆጠረች። በመጨረሻ በስሜ ከተመዘገበው ዝርዝር አንዱ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ‹የቼዝ ፍጻሜ መረጃ› የሚለው ስንት ፍሬ ነው?»

«ፍሬ የለውም። ዲስክ ውስጥ ያለ መረጃ ነው።»

«እሺ፣ ዲስኩ ስንት ፍሬ ነው?»

«አንድ። እሱን ግን አሁን ከኮምፒውተሩ ጋር ቆጥረሽዋል።»

«ታዲያ መረጃው የት አለ?»

«እዚያው ዲስኩ ውስጥ!»

ከዚያ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «እትዬ ሰኪና፣ አንድ ዕቃ ሁለቴ አይቆጠርም» አለችኝና ከመስመሩ አጠገብ «የጠፋ» ብላ ጻፈች። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ፈረምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ቆይቼ የመጨረሻው ሥራዬ፣ እጄ ላይ ያለውን ነገር ጠፍቷል ብሎ መፈረም ሆነ።

ቤቴ ገብቼም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ልጄ «ጻፊው እንጂ፣ እኛን ከምትቆጪ» አለችኝ። እየጻፍኩ ነው።

አባቴ ዲላ ገበያ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነበር። እኔም እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ድረስ ሱቅ ውስጥ ሜትር ይዤ ቆሜያለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል አመለከትኩ። ደመወዙን ሲሰማ አባቴ ሳቀ፤ ሱቁ ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን የምናገኘው ነበር። «ቁጭ ብለሽ ልትከፈዪ ነው?» አለኝ። ቁጭ ብዬ አልተከፈልኩም። ጋሽ ወርቁ የሚባል ሰው ሥር ነው የተመደብኩት።

ጋሽ ወርቁ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ቀጭን፣ ሹራብ በሙቀትም የማያወልቅ፣ ድምፁ ከሹክሹክታ የማይበልጥ ሰው ነበር። የሰው ልጅ እንደዚያ ሲያናድድ አይቼ አላውቅም። ተማሪ መጥቶ መጽሐፍ ሲጠይቀው ወዲያው አይነሳም። «መጽሐፉን ነው የምትፈልገው ወይስ በውስጡ ያለ አንድ ነገር?» ይለዋል። አንድ ነገር ከሆነ የሚፈልገው፣ መጽሐፉን ማውጫው ላይ ገልጦ፣ ገጹን አግኝቶ፣ ያችን ገጽ ብቻ ከፍቶ ያቀርብለታል። ሌላም ልማድ ነበረው። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ወደ መደርደሪያው አይሮጥም፤ አምስት ስድስት ወረቀት እስኪጠራቀም ይጠብቅና በመደርደሪያው ቅደም ተከተል ደርድሮ አንዴ ብቻ ዞሮ ሁሉንም ይዞ ይመለሳል። በዚያ ሳምንት የተጠየቁትን መጻሕፍት ደግሞ ወደ ቦታቸው አይመልስም፤ ከጎኑ ባለች ጠረጴዛ ላይ ይከምራቸዋል። «ትናንት የተጠየቀ ዛሬም ይጠየቃል» ይላል።

እነዚህን ሁሉ ወደድኩለት። ያልወደድኩት አንዱን ነበር። መጽሐፉን ለተማሪው ከመስጠቱ በፊት ሽፋኑን ገልጦ፣ ርዕሱንና የቅጹን ቁጥር ከጥያቄው ወረቀት ጋር ጣቱን እያስኬደ ያመሳክራል። ከጠረጴዛው ላይ ያነሳው ይሁን፣ እጁ ላይ ያለ ይሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት ራሱ ያመሳከረው ይሁን፣ ደግሞ ያመሳክራል። ተማሪው እግሩን እያፈራረቀ ይቆማል፤ እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ።

«ጋሽ ወርቁ፣ አሁን እኮ አይተኸዋል!» እለዋለሁ።

«አንደኛውና ሁለተኛው ቅጽ ሽፋናቸው አንድ ነው» ይለኛል፣ በዚያ በማይሰማ ድምፁ።

ኮምፒውተሮች ሲመጡ እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ተብሎ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተዛወርኩ። ሥልጠና ተብሎ አዲስ አበባ ለጥቂት ሳምንታት ላኩኝ፤ የቀረውን ራሴ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ማሽን እያበላሸሁ ተማርኩ። ፕሮግራም መጻፍም እንዲሁ ለመድኩ። በዚያ ክፍል አራት አለቆች አሳልፌያለሁ። አንደኛው ቁልፉን ኪሱ ይዞ ለስብሰባ ይሄድና ክፍሉ ሦስት ቀን ተዘግቶ ይውላል። ሁለተኛው ኮምፒውተር እንዳይበላሽ ብሎ መክፈት ከለከለ። ሦስተኛው ደግ ሰው ነበር፤ ምንም አልሠራም። አራተኛው አቶ ታምራት ነው፤ እሱ ጋ እመጣለሁ።

ቼዙን ያመጣብኝ ዶክተር ራኦ ነው። ከሕንድ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ጥግ ላይ ሰሌዳ ዘርግቶ ተማሪዎችን ያጫውታል። እኔ ከአጨዋወቱ ሕግ በላይ ብዙም አላውቅም። ኮንትራቱ አልቆ ሊሄድ ሲል ሁለት ዲቪዲ ሰጠኝ።

«ሰሌዳው ላይ ንጉሦቹን ጨምሮ አምስት ጠጠር ወይም ከዚያ በታች ሲቀር፣ ሊኖር የሚችለው አቀማመጥ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ» አለኝ። «ማን እንደሚያሸንፍ፣ በስንት እርምጃ እንደሚያሸንፍ። አይገምትም። ያውቀዋል።»

እሱ ሄደ፤ እኔ ከሁለት ዲቪዲ ጋር ቀረሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። መረጃው ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ መጀመሪያ ሁሉንም ልፍታው አልኩ። የፋይሉን ሙሉ አካል ፈትቶ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እያነበበ፣ የጠየቅሁትን አቀማመጥ የሚፈልግ ፕሮግራም ጻፍኩ። አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። ማሽኑ መንኮራኩሩ የተሰበረ ወፍጮ ይመስል ማጉረምረም ጀመረ። ሻይ ቤት ሄጄ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ ከሻይ ቤቷ ባለቤት ጋር ስለ ልጇ ሰርግ አውርቼ ስመለስ ገና እያጉረመረመ ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ይህንን በየቀኑ ለወር ያህል አደረግሁ። ያናደደኝ ማሽኑ አይደለም፤ የራሴ ድንቁርና ነው። መልሱ እዚያው እንዳለ እያወቅሁ፣ ዓለምን በሙሉ ካልፈታሁ አንዲት ነገር አላገኝም ማለት ምን ዓይነት ሞኝነት ነው?

አንድ ቀን ጋሽ ወርቁን ለጡረታው ሽኝት መጽሐፎቹን ሲያስረክብ እያገዝኩት ቆሜ ሳየው ገባኝ። እሱ መጽሐፍ ሙሉ አንብቦ አያውቅም። ገጽ ነው የሚከፍተው።

መረጃውን እንደ መጽሐፍ ተመለከትኩት። ፋይሉ እኩል እኩል በሆኑ ገጾች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ታምቋል፤ ከፊት ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ የት እንደሚጀምር የሚናገር ማውጫ አለ። ጠጠሮቹ ያሉባቸው ቤቶች በስሌት አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ቁጥሩ የትኛው ገጽ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ይነግርሃል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትተህ ያቺን አንዲት ገጽ ብቻ አውጥተህ ትፈታለህ፣ መስመሯን ታነባለህ፣ አለቀ። ይህንን ስጽፈው ሻይ ቤት ደርሼ ስመለስ የማያልቀው ጥያቄ ትንፋሽ እስክወስድ ያልቅ ጀመር።

አላቆምኩም። «አሸናፊው እርምጃ የቱ ነው» ለማለት ቀጥሎ ሊመጡ የሚችሉትን አቀማመጦች ሁሉ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሃያም ሠላሳም ይሆናሉ። እንደመጡ ከጠየቅኋቸው ዲስኩ ወዲያና ወዲህ ሲዘል ይውላል። ስለዚህ በገጽ ቁጥር ደርድሬ አንዴ እየዞርኩ ለቀምኳቸው። ከዚያም አንዴ የፈታሁትን ገጽ እንዳልጥለው ማህደረ ትውስታ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ያው ገጽ ደግሞ ሲጠየቅ ዲስኩ ሳይነካ መልሱ ብልጭ ይላል። ይህች የጋሽ ወርቁ ጠረጴዛ ነበረች። ከሁሉ በላይ የኮራሁባትም እሷን ነው።

አቶ ታምራት ግን አልኮራም። «ቼዝ ለማን ይጠቅማል?» ይለኛል። ዲስኩ ሞላ ብሎ ሦስት ጊዜ አጠፋብኝ። ሦስት ጊዜ ከዲቪዲው መልሼ ጫንኩት። አንድ ጊዜ በቦታው ያገኘሁት የሰርግ ቪዲዮ ነበር፤ የሱ የራሱ ሰርግ።

ሥራዬ ያገለገለው ከኮሌጁ ውጭ ነው። በዞኑ ዓመታዊ የቼዝ ውድድር ነበር። ተጫዋቹ መምህር፣ ነርስ፣ ነጋዴ፣ ገበሬ ነው። የጨዋታ ሰዓት የነበረን ሦስት ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ጨዋታ ያለ ሰዓት ይካሄዳል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይመጣና መኪናዎቹ ሳይሄዱ ይቁም ይባላል፤ ያላለቀው ጨዋታ ላይ ፍርድ ይሰጣል። ፈራጆቹ ደግሞ ሁለት ጎበዝ ተጫዋቾች ናቸው፤ እያንዳንዱ ለወረዳው ልጅ ይፈርዳል። አንዱን ዓመት ሰሌዳ ተገልብጦ፣ ጠጠሩ በአዳራሹ ተበትኖ፣ አንድ ፈረስ ከሰው ጫማ ውስጥ ተገኘ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዘለቀ ስለ ማሽኔ ሰምቶ ራሱ መጣ። ወፍራም፣ ሁልጊዜ ላብ የሚጠርግ፣ ለሰላም ሲል ምንም የሚያደርግ ሰው ነው።

«ይሄ ነገር ይሳሳታል?» አለኝ።

«አምስት ጠጠር ከቀረ አይሳሳትም። አይገምትም፤ ያውቀዋል» አልኩት፣ የዶክተር ራኦን አባባል ሰርቄ።

መጀመሪያ ማንም አላመነኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍርድ በሰጠሁ ቁጥር «እሷ ቼዝ መቼ ታውቃለች?» ይላሉ። ተሸናፊው እንደገና ቁጭ ብሎ ይጫወትና እኔ ባልኩት ይሸነፋል። ቀስ በቀስ ጭቅጭቁ ቆመ። አቶ ዘለቀ «ማሽኑ ተናግሯል» ሲል ሰው ሁሉ ኮፍያውን አንስቶ መሄድ ጀመረ። ኩራቴ ምን ያህል እንደነበረ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጅግሶን ያወቅሁት በዚያ ጊዜ ነው። ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ቀበሌ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ቀይ ቡና የሚመዝን፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ የጌዴኦ ሰው ነው። ቼዝ የተማረው ሠፈሩ ከነበረ አንድ የእርሻ ባለሙያ ነው። እንደሱ ቀስ ብሎ የሚጫወት አላየሁም። ጠጠር ከማንሳቱ በፊት ሚዛን የሚጠብቅ ይመስል ዝም ብሎ ያያል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ «ሰኪና መጣ፣ ሰኪና ተቀመጥ» ይለኛል። እኔም ወድጄለት አላረምኩትም።

በዚያ ዓመት ውድድሩ ይርጋጨፌ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። በመጨረሻው ዙር ጅግሶ ነጭ ይዞ መስፍን ከሚባል የወናጎ መምህር ጋር ተገናኘ። ጅግሶ ካሸነፈ ለክልሉ ውድድር የሚሄደው ቡድን ውስጥ ይገባል፤ አቻ ከሆነ የሚገባው መስፍን ነው። ቀኑን ሙሉ ደመናው እየከበደ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ እኔ የተዋስኩትን ላፕቶፕ ባትሪ እየቆጠብኩ ተቀምጫለሁ። ሹፌሮቹ ጥሩምባ መንፋት ሲጀምሩ አቶ ዘለቀ «ይቁም!» አለ።

የጅግሶ ጨዋታ ላይ አምስት ጠጠር ቀርቷል። ሁለቱ ንጉሦች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሮክ፣ ያች ግንብ የምትመስለው፣ እና አንድ የጅግሶ ወታደር። ወታደሩ የሰሌዳውን መሐል አልፎ ሄዷል። የጥቁሩ ንጉሥ ከፊቱ ሊቆም አንድ እርምጃ ቀርቶታል።

አቶ ዘለቀ አቀማመጡን ከሰሌዳው እያነበበ ነገረኝ፤ እኔ አስገባሁ። «ተራው የጥቁር ነው» አለ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና «አቻ» አለ።

«ተራው የኔ ነው» አለ ጅግሶ። «እሱ አሁን ተጫወተ።»

የጨዋታውን መመዝገቢያ ወረቀት አዩ። እውነቱን ነው፤ ተራው የነጭ ነበር። መስፍንም አልካደም። እኔ ተራውን ቀይሬ እንደገና ጠየቅሁ። መልሱ ጣቴ ከቁልፉ ሳይነሳ መጣ። «አቻ።»

«አያችሁ!» አለ አቶ ዘለቀ። «ዓይን ሳይርገበገብ!»

ጅግሶ ሰሌዳው ላይ አቀርቅሮ ቆየ። ከዚያ ሮኩን ሳይነካ በጣቱ መንገዱን አሳየኝ።

«አይ፣ ሰኪና። ይሄ እዚህ ይመጣል። ንጉሡ በዚህ አያልፍም። ወታደሩ ይሄዳል። እኔ አሸንፋለሁ።»

«ጅግሶ፣ ማሽኑ አይገምትም። ያውቀዋል» አልኩት።

«አንተስ?» አለኝ። «አንተ ታውቃለህ?»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ መውረድ ጀምሯል፤ ጥሩምባው ይጮኻል፤ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው። «እኔ ተጫዋች አይደለሁም» አልኩና ላፕቶፑን ዘጋሁት። ጅግሶ የመስፍንን እጅ ጨበጠ። ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብዬ ለኮሚቴው ሪፖርት የዓመቱን ፍርዶች አንድ በአንድ እንደገና አስገባ ነበር። የጅግሶ ላይ ስደርስ፣ ተራው የነጭ ብዬ ጠየቅሁ። ማሽኑ ጥቂት አሰበ። «ነጭ ያሸንፋል» አለ።

ሳቅሁ። ተሳስቼ አስገብቼ ነው አልኩ። ደግሜ አየሁት፤ ጠጠሮቹ ልክ ናቸው። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት። አሁን ልክ እንደ ይርጋጨፌው፣ መጀመሪያ ተራው የጥቁር ብዬ ጠየቅሁ። «አቻ።» ቀጥዬ የነጭ አልኩ። ብልጭ አለና «አቻ።»

የት እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት።

መረጃው ለእያንዳንዱ አቀማመጥ ሁለት ፋይል አለው፤ አንዱ ተራው የነጭ ሲሆን፣ አንዱ ተራው የጥቁር ሲሆን። የገጽ ቁጥራቸው ደግሞ አንድ ነው። እኔ አንዴ የፈታሁትን ገጽ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሳስቀምጥ ምልክት ያደረግሁበት በጠጠሮቹ ዓይነትና በገጽ ቁጥሩ ብቻ ነው። ተራው የማን እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ስለዚህ አቶ ዘለቀ መጀመሪያ ተሳስቶ የጥቁሩን ሲያስጠይቀኝ፣ የጥቁሩ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። የነጩን ስጠይቅ ያንኑ የጥቁሩን አንስቼ ሰጠሁ። ሁለት ቅጽ፣ አንድ ሽፋን። ለዚያ ነው የፈጠነው። ሁላችንም ያጨበጨብንለት ፍጥነት ራሱ ስህተቱ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ያኔ በሕይወት አልነበረም። ቢኖር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ምንም አይለኝም። እኔ ግን የሚያፈጥኑትን ልማዶቹን ሁሉ ወስጄ፣ ያናደደኝን አንዱን ትቼ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ አቀማመጥ ውጭ ሌሎቹን ፍርዶች ሁሉ ፈተሽኩ፤ ተራውን ሁለት ጊዜ ያስገባሁበት ሌላ አልነበረም። የተጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማረሚያው አንዲት መስመር ነበረች።

ለአቶ ታምራት ነገርኩት። «ዝም በይ። ማን ያውቃል?» አለኝ። ወደ አቶ ዘለቀ ሄድኩ። ቡድኑ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው የሚሄደው፤ ጊዜ አለ ብዬ ነበር።

«የጅግሶ ፍርድ ስህተት ነው» አልኩት። «ጨዋታው የሱ ነበር።»

«ማን አለ?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑ እኮ አቻ ነው አለ።»

«ያኔ ፈጥኖ ሲመልስ ተሳስቶ ነው፤ አሁን ጥቂት አስቦ ነጭ ያሸንፋል ብሏል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ሰኪና፣ አይሳሳትም ያልሽን አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ! አሁን ደግሞ ተሳስቷል እያልኩህ ያለሁትም እኔው ነኝ!»

«ስሚኝ፣ እህቴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ማሽኑን እመኑ ስንል ነው የቆየነው። አሁን ተሳስቷል ብንል ያለፈው ፍርድ ሁሉ ይመጣብናል። ጫማ ውስጥ ፈረስ ልንፈልግ ነው? ውጤቱ ተለጥፏል፤ ደብዳቤው ወጥቷል። ምናልባት የተሳሳተው አሁን ይሆናል።»

«አሁን?»

«ያኔ ፈጥኖ ነው የመለሰው። አሁን ግን አስቦ ነው አልሽኝ። ያመነታ ማለት ነው።»

በሕይወቴ ያን ያህል የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም። ማሽኑ እውነት ሲናገር «ቼዝ መቼ ታውቃለች» ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች፣ ማሽኑ ዋሽቷል ስላቸው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አሉኝ። ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤው ከፋይል ጋር ታስሮ ቀረ።

በማግስቱ ይርጋጨፌ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል ባንኮ ጎቲቲ ሄድኩ። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው፤ ማጠቢያ ጣቢያው በሰውና በከረጢት ተሞልቷል። ጅግሶ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ አየኝ።

«ሰኪና መጣ!» አለ፣ ገርሞት።

ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅሁት። ከዚያ አልጋ በሚሏቸው የቡና ማድረቂያዎች አጠገብ ቆመን ነገርኩት። እንዳላቋርጥ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ገጹን፣ ማስቀመጫውን፣ ምልክቱን። እንደማይገባው አስቤ ነበር። ካስረዳኋቸው ሰዎች ሁሉ ያለ ጥያቄ የገባው ሰው እሱ ብቻ ነው።

«የሁለት ሰው ከረጢት ነው» አለ። «ከረጢቱ አንድ ዓይነት ነው። ስም አልጻፍክበትም። አንዱን ሰጠህ፣ የሌላው ነው።»

«አዎ» አልኩት። «ልክ እንደዚያ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ጅግሶ።»

የሚደርቀውን ቡና በእጁ በተን በተን አደረገ።

«ቡድኑ ሐሙስ ነው የሚሄደው፣ አይደለም?»

«ሐሙስ ነው።»

«ኮሚቴው ሰምቷል?»

«ሰምቷል። አላመነኝም።»

«ሐሙስ እኔ ቡና እመዝናለሁ» አለ። በንዴት አይደለም ያለው። ንዴት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ልሄድ ስል ቆይ አለኝ። ቢሮ ገብቶ የካርቶን ሰሌዳና በፌስታል የተያዘ ጠጠር ይዞ መጣ። ባዶ ማድረቂያ ላይ ዘረጋውና አቀማመጡን ሳያመነታ ደረደረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር።

«አንተ ጥቁር ነህ» አለኝ። «ተራው የኔ ነው።»

«ጅግሶ፣ እኔ እኮ አልችልም…»

«ተጫወት።»

ሮኩን አንስቶ ያኔ በጣቱ ባሳየኝ መንገድ አስቀመጠው። ንጉሤ ከወታደሩ ፊት መድረስ አልቻለም። የምችለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ሮኬን ከጎን አመጣሁ፣ ከኋላ አመጣሁ፣ ቼክ አልኩት፣ ደጋግሜ ቼክ አልኩት። እሱ ቀስ እያለ፣ አንዲት እርምጃ ሳይሳሳት፣ ከቼኩ እየሸሸ ወታደሩን ገፋው። የቡና ለቃሚዎቹ ከበቡን። ወታደሩ መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ሲሆን አንዲት ሴት በጌዴኦኛ የሆነ ነገር አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እርምጃዎቹን በሚዛን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሲጽፍ ነበር የቆየው። እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

«ፈርም።»

ፈረምኩ። አጥፎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሰው ደግሞ ሚዛኑ ጋ ተሰልፎ ስለነበር ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ፍርድ ስሰጥ ማሽኑ ከመልሱ ጋር ተራው የማን እንደሆነና የትኛውን ፋይል እንዳነበበ በስክሪኑ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁት፤ እኔም ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ሰው «ቶሎ በይ እንጂ!» ይለኛል። እየተናደዱ ይጠብቁ።

በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ዲላ ነበር። ጅግሶ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ መጣ። ሰላምታ ሰጠኝና ሰሌዳው ጋ ተቀመጠ። የሚጫወተው ግን እሱ አይመስልም። እጁ ጠጠሩ ላይ አይቆይም፤ ተጋጣሚው ሳይጨርስ ይነሳል። መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ገባኝ። ይቁም ከመባሉ በፊት ጨዋታውን እየጨረሰ ነው። ለማንም ፍርድ ምንም እንዲተርፍ አይፈልግም።

እንዲህ እየተጣደፈ አራት ጨዋታ አሸነፈ። የመጨረሻው ዙር ላይ አንዲት ከቡሌ የመጣች ነርስ ገጠመችው። ቆሜ አየሁ። አምስት ጠጠር ሲቀር፣ ከንጉሦቹ ሌላ ነጭ ለያዘው ለእሱ ፈረስና አንድ ወታደር፣ ለእሷ አንድ ወታደር ቀርቶ፣ እሱ ሳያስብ ወታደሩን ገፋ። ነርሷ ትንሽ ተገረመች፤ ወታደሩን በላች። ቀጥላ ፈረሱን ማረከች። ብዙም ሳይቆይ የሷ ወታደር ንግሥት ሊሆን ሲል ንጉሡን ጥሎ እጇን ጨበጠ። ሰዓቱ ገና ነበር፤ ሹፌሮቹ እንኳ አልተነሱም።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ያን ወታደር ከመግፋቱ በፊት የነበረውን አቀማመጥ አስገባሁ። ተራው የነጭ። የነጩን ፋይል ማንበቡን አረጋገጥኩ። ደግሜ አረጋገጥኩ። እንደ ድሮው ጥቂት ዝም ብሎ ቢያይ ኖሮ ጨዋታው የሱ ነበር።

ጅግሶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ፊቱ ላይ ቀኑን ሙሉ ያላየሁት ፈገግታ ነበረ።

«ዘንድሮ ራሴ ተሸነፍኩ» አለኝ። «ይሻላል፣ ሰኪና። አይሻልም?»

ስክሪኑ ወደኔ ዞሮ ነበር። ክዳኑን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

«ይሻላል» አልኩት።